ክኒኑና ምሳው፦ የፓርኪንሰን ታማሚዎች አንጀት

አቅራቢው፦ ዛሬ የምንወያየው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ ሆነን ነው። ፓርኪንሰን የአንጎል ሕመም ሆኖ ሳለ ውይይቱን ከሆድ መጀመር የመረጥሽው ለምንድን ነው?

ፋርማሲስቷ፦ በ1817 ሕመሙን የገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ራሱ የታማሚዎቹን የሆድ ድርቀት ጽፎታል። ድርቀቱ እጅ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ሕመሙ ጨጓራንና አንጀትን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮችም ስለሚያጠቃ፣ ምግቡም መድኃኒቱም ጨጓራ ውስጥ ይዘገያሉ፤ ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ግን ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው።

አቅራቢው፦ እዚህ ሰፈር የማውቃቸው አንድ አባት በጾም ወቅት ክኒናቸውን ከሽሮው ጋር ይውጡ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ያለ ሰው እጅ ከመቀመጫቸው መነሳት ያቅታቸዋል። ቤተሰቡም «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» ይላል።

ፋርማሲስቷ፦ ሽሮ በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ከፕሮቲን የሚወጡት አሚኖ አሲዶችና ሌቮዶፓ የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፉት በተመሳሳይ አስተላላፊ በመሆኑ፣ አንድ ታክሲ ላይ እንደሚሻሙ ተሳፋሪዎች ይሆናሉ፤ ሽሚያው ወደ አንጎል መግቢያው ላይም ይደገማል። ስለዚህ ክኒኑን ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ወይም ቢያንስ አንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ ይመከራል፤ ካቅለሸለሸ ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህን የሰማ ቤተሰብ ሽሮውን ከነጭራሹ መከልከሉ ነው፤ ብዙ ታማሚዎች ይከሳሉና ፕሮቲኑ ያስፈልጋቸዋል።

አቅራቢው፦ ለደም ማነስ የሚታዘዘው የብረት ክኒንስ?

ፋርማሲስቷ፦ ብረት አንጀት ውስጥ ከሌቮዶፓ ጋር ስለሚተሳሰር ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራራቁ።

አቅራቢው፦ ጾምን ካነሳን ቫይታሚን ቢ12ን መዝለል አይገባንም።

ፋርማሲስቷ፦ አይገባንም። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ በአግባቡ ወደ ደም እንዲገባም የጨጓራ አሲድና ጨጓራ የሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ያስፈልጉታል። በመሆኑም ዕድሜው የገፋ፣ ወይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አልያም የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሥጋ እየበላም ሊያንሰው ይችላል። እጥረቱ እግርን ያደነዝዛል፣ የማስታወስ ችሎታን ያዳክማል፤ በዚህም የተነሳ «ሕመሙ ባሰባቸው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ይህ ግን በደም ምርመራ የሚታወቅና በመርፌ ወይም በክኒን የሚታከም ነው።

አቅራቢው፦ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ምን ይዘው ይሂዱ?

ፋርማሲስቷ፦ የአንድ ሳምንት የክኒንና የምግብ ሰዓታቸውን፣ እንዲሁም ሰውነታቸው የሚተሳሰርበትን ሰዓት ጽፈው ይሂዱ፤ የቢ12 ምርመራውንም በስሙ ይጠይቁ። የክኒኑን መጠን ግን በራሳቸው ፈቃድ አይጨምሩ።