አራት በአራት ይበቃል? የመኝታ ክፍል ስፋት ከአልጋው ሲጀመር

[ምስል፦ ባዶ ቦታ ላይ በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን። መሃሉ ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል።]

ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው ፕላን የሚያወጣለት ባለሙያ ፊት ተቀምጧል። «አራት መኝታ፣ አንዱ ማስተር» ይላል። ስፋታቸውስ ሲባል ብዙም አያስብም። «አራት በአራት አድርጋቸው።»

አራት በአራት ከየት መጣ? አባቱ ቤት አራት በአራት ነበር። ጎረቤቱም የሠራው አራት በአራት ነው። ለአፍም ይመቻል። ግን ማን እንደሚተኛበት፣ ስንት አልጋ እንደሚገባ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ገና አልተነሳም።

ለዛሬ ምሳሌ የምወስደው ወንድሜና ባለቤቱ ለገጣፎ አካባቢ ሊሠሩት ያሰቡትን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። እናታችንም አብራቸው ልትኖር ነው። ፕላኑን ይዘው እኔ ጋ መጡና «እስቲ እየው» አሉኝ። አየሁት። ሜትር አወጣሁ። የተቀዳው ሻይ በዚያው በረደ።

[ምስል፦ ከላይ የታየ ግድግዳ። ብሎኬቱ መሃል ላይ ነጠብጣብ መስመር ያልፋል።]

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፕላን ላይ «4.00» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከግድግዳ መሃል እስከ ግድግዳ መሃል ያለው ርቀት ነው። ባለሙያዎቹ አክሲስ ይሉታል። እናንተ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ አትተኙም።

ግድግዳው በ20 ሴንቲ ብሎኬት ከተሠራ በአንዱ በኩል 10፣ በሌላው በኩል 10 ሴንቲ ይሄዳል። በላዩ ላይ ልስን አለ። በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ተኩል ብንይዝለት ሌላ 5 ሴንቲ ሄደ። 4 ሜትራችሁ 3.75 ሆነ። 16 ካሬ ያላችሁት ክፍል 14 ካሬ ነው። አራት በአራት ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ክፍሉ ባነሰ ቁጥር ግን ያችው 25 ሴንቲ እየከበደች ትመጣለች። ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለዚህ ባለሙያውን በግልጽ ጠይቁት። «ይሄ ቁጥር ከልስን በኋላ ነው ወይስ አክሲስ ነው?» በሉት። ከዚህ በኋላ እኔ የምጠራው ቁጥር ሁሉ፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ የውስጥ ልክ ነው።

[ምስል፦ ባዶ ወለል ላይ አልጋ ይቀመጣል። ቀጥሎ ሁለት ኮመዲኖ። ቀጥሎ ቁም ሳጥን። ግድግዳው መጨረሻ ላይ ይነሳል።]

ድሮ ገጠር ቤት ውስጥ መደብ ነበር። በጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መኝታ። አልጋው የቤቱ አካል ስለሆነ የት ላድርገው የሚል ክርክር የለም። እኛ ግን መጀመሪያ ሳጥን እንሠራና አልጋውን በኋላ ገፍተን፣ አዙረን፣ ጎትተን ቦታ እንፈልግለታለን።

ተቃራኒውን እናድርግ። አልጋውን እናስቀምጥና ግድግዳውን በዙሪያው እናቁም።

የወንድሜ አልጋ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሚባለው ነው። 1.80 ግን የፍራሹ ስፋት ነው። እንጨቱ ሲጨመር ወደ 1.90 ይደርሳል። ርዝመቱም ከራስጌ እስከ ግርጌ 2.10 አካባቢ ይሆናል። ግራና ቀኝ 50፣ 50 ሴንቲ ኮመዲኖ አድርጉ። የራስጌው ግድግዳ ቢያንስ 2.90 ፈለገ ማለት ነው። ትንሽ መተንፈሻ ስንጨምርለት 3.20 እንበለው።

አሁን በሌላው አቅጣጫ እንሂድ። አልጋው 2.10። ፊት ለፊት ያለው ቁም ሳጥን 60 ሴንቲ ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ በመስቀያ የተሰቀለው ኮት እጁ በር ላይ ይቀረቀራል። በአልጋው ግርጌና በቁም ሳጥኑ መሃል ደግሞ ሰው ማለፍ አለበት። የቁም ሳጥኑ በር ይከፈታል፣ መሳቢያው ይሳባል፣ ሰው ጎንበስ ይላል። 80 ሴንቲ ስጡት። 2.10፣ 60 ሴንቲ እና 80 ሴንቲ ሲደመሩ 3.50 ይመጣል።

የባልና ሚስት ክፍል 3.20 በ 3.50 አገኘን። 11 ካሬ ከትንሽ። በአክሲስ 3.45 በ 3.75 ማለት ነው። አራት በአራት ሳይሆን ሠራ። ከዚህ ከፍ ካለ ምቾት ነው፣ ጥሩ ነው። ከዚህ ዝቅ ሲል ግን የምትሠዉትን ነገር ስሙን ጥሩት። ኮመዲኖ ይቀራል? ቁም ሳጥኑ ተንሸራታች በር ይሆናል? አልጋው ወደ 1.50 ይወርዳል? ወይስ አንዳችሁ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ በሌላው ላይ ትሻገራላችሁ?

አሜሪካ ያላችሁና እዚህ ቤት የምታሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ ኪንግ የሚባለው ፍራሽ 193 በ 203 ሴንቲ ነው። ያንን ጭናችሁ ለማምጣት ካሰባችሁ ለባለሙያው አሁኑኑ ንገሩት። ደረጃውንም አስለኩት። አንድ ዘመዴ አልጋውን በገመድ በበረንዳ ነው ያስገባው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አይቷል።

[ምስል፦ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን። አንዱ ረጅም ቀጭን፣ አንዱ አራት ማዕዘን። ሁለቱም ላይ «12 ካሬ» ተጽፏል።]

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ካሬ ነው። ካሬ ግን ይዋሻል።

2.40 በ 5.00 ስንት ነው? 12 ካሬ። 3.40 በ 3.50ስ? እሱም 12 ካሬ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሁለተኛው መኝታ ክፍል ነው። አንደኛው ኮሪደር ነው። አልጋውን አግድም ብታደርጉት በግርጌ በኩል 30 ሴንቲ ይቀራል፤ ድመት ታልፋለች። ቁም ብታደርጉት በጎን 50 ሴንቲ ትቀራለች፣ አንዱ ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀሪው ሁለት ሜትር ከምናምን ግን ወዲያ ማዶ ባዶውን ተቀምጧል። ወለሉን ሴራሚክ አልብሳችሁታል፣ ቀለም ቀብታችሁታል፣ አትጠቀሙበትም።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የቤት ስፋት መለኪያ ይህንን ተረድቶታል። አንድ ሰው የሚተኛበት ክፍል ቢያንስ 7.5 ካሬ ይሁን ይልና እዚያ አያቆምም። ስፋቱ ደግሞ ከ2.15 ሜትር አይነስ ይላል። ለሁለት ሰው 11.5 ካሬ፣ ዋናው የሁለት ሰው ክፍል ስፋቱ ከ2.75 አይነስ። ካሬውን ብቻ ቢሉ ኖሮ አልሚው ቀጭን ኮሪደር ሠርቶ ይሸጥላቸው ነበር።

[ምስል፦ በር ይከፈታል። ከበሩ ኋላ ቁም ሳጥን ሲገባና ሳይገባ።]

ከስፋቱ በላይ ክፍልን የሚገድለው በር ነው። በወንድሜ ፕላን ላይ የልጆቹ ክፍል በር ግድግዳው መሃል ላይ ነበር። ያ ክፍል 3 ሜትር ከ60 ነው፣ ትንሽ አይደለም። ግን በሩ መሃል ሲሆን ግራም ቀኝም የተቆራረጠ ግድግዳ ይቀራል። አንዱም ለሁለት ልጅ የሚበቃ ቁም ሳጥን አይችልም።

በሩን ወደ ጥግ አስጠጋነው። ጥጉ ድረስ ግን አይደለም። ከጥጉ 65 ሴንቲ አስቀረን። ለምን 65? ቁም ሳጥን 60 ሴንቲ ስለሆነ። በሩ ሲከፈት ከኋላው ቁም ሳጥኑ ተመቻችቶ ይቆማል። አንድም ካሬ አልጨመርንም። ክፍሉ ግን የሰፋ መሰለ።

መስኮትም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባና ለገጣፎ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። ራስጌያችሁን መስኮት ሥር ካደረጋችሁ በክፍተቱ የሚገባው ንፋስ አንገታችሁን ያገኘዋል። ማሞቂያ የሌለው በጣም ሰፊ ክፍልም እዚህ አገር ብርድ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዳማ የምትሠሩ ሌላ ሒሳብ አላችሁ፤ እናንተ ከወለሉ ስፋት በፊት ንፋስ ከአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው እንዲወጣ፣ ኮርኒሱም ከፍ እንዲል አስቡ።

[ምስል፦ የልጆች ክፍል። ሁለት አልጋ፣ መሃላቸው ጠረጴዛ።]

ለልጆቹ ሁለት ነጠላ አልጋ አሰብን። ባለ 90 ሴንቲ፣ ከነእንጨቱ 1 ሜትር። መሃላቸው 90 ሴንቲ ትተን ትንሽ የጥናት ጠረጴዛ አስገባን። ድምሩ 2.90። በቁመት አልጋው 2 ሜትር፣ መተላለፊያ 70፣ ቁም ሳጥን 60፤ 3.30። ስለዚህ 3 በ 3.40 ለሁለት ልጅ ይሆናል። 10 ካሬ። ተደራራቢ አልጋ ከሆነ የቀረው ቦታ ለጨዋታ ይተርፋል። ግን ላይኛው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ተደራራቢ አልጋው ላይ አይወጣላችሁም፣ ቤቱ ደግሞ ያኔም እዚያው ነው።

የእናታችን ክፍል ላይ ነው ብዙ የተከራከርነው። ወንድሜ ፎቅ ላይ ማስተሩ አጠገብ ነበር ያደረገው፣ ከፍቅር የተነሳ። እናታችን ግን ጉልበቷን ያማታል። ደረጃውን ዛሬ ትወጣዋለች። ከአምስት ዓመት በኋላስ? ምድር ቤት፣ ሽንት ቤት አጠገብ አወረድናት።

ስፋቱንም በእሷ አልጋ ብቻ አልለካነውም። አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃታል። ግን የእኛን ቤት ታውቁታላችሁ። ሲያማት ብቻዋን አትተኛም። አንዱ ከጎኗ ፍራሽ ያነጥፋል። እህቷ ከጎንደር ስትመጣም እንግዳ ክፍል አትሄድም፣ እዚያው ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወሩ ያድራሉ። ስለዚህ የ90 ሴንቲ ፍራሽ ወለል ላይ ተነጥፎ፣ ሰው ሳይረግጠው በር ድረስ የሚኬድበት መንገድ እንዲኖር አድርገን ለካን። 3.30 በ 3.60 ወጣ። ቅድም ለባልና ሚስት ካገኘነው 3.20 በ 3.50 በለጠ። በሩንም 90 ሴንቲ አደረግነው፣ ከዘራም ተሽከርካሪ ወንበርም እንዲያልፍ።

ማስተሩ? እሱ 5 በ 5.50 ተስሎ ነበር። ሶፋ ሊገባበት። ወንድሜ መኝታ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ አስታወስኩት። ወንበሩ ላይ ልብስ ነው የሚከመረው። 3.75 በ 4.20 ሆነ። ባለቤቱ ቀድማኝ ተስማምታለች።

በነገራችን ላይ ትንሽ ትንሽ መጨመር እንዴት እንደሚደመር እዩት። አራት መኝታ ላይ ለየክፍሉ 3 ካሬ «ለማንኛውም» ብላችሁ ብትጨምሩ 12 ካሬ ነው። ይህ አንድ ሙሉ መኝታ ክፍል ነው። ኮንትራክተሩ በካሬ በጠራላችሁ ዋጋ አባዙት።

[ምስል፦ ሳሎን ወለል ላይ በማስክ ቴፕ የተሰመረ ክፍል። ሁለት ሰዎች አልጋ እንዳለ አድርገው ይዞራሉ።]

ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ለብዙ ሰው አይታየውም። ለእኔም አይታየኝም። አሁን የምትኖሩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋውን ገፋ አድርጋችሁ በማስክ ቴፕ ክፍሉን አስምሩት። አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ በሩ የሚዞርበትንም። ከዚያ ተነስታችሁ «ልብስ አውጡ»፣ «አልጋ አንጥፉ»። ቦታ ያላችሁ ደግሞ መሬታችሁ ላይ በኖራ አስምሩት። ልክ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት። ሜዳ ላይ ሁሉም ክፍል ጠቦ እንደሚታይ ግን እወቁ። ግድግዳ ሲቆም ስሜቱ ይለወጣል። ስለዚህ ዓይናችሁን ትታችሁ ሜትሩን እመኑ።

[ምስል፦ ሰርቪስ ቤት። ትንሽ ክፍል ላይ «2.00 × 2.00»።]

አሁን ወደዚያች 25 ሴንቲ ልመለስ። ፕላኑን አጥፈን ልንነሳ ስንል ሰርቪሱ ላይ አንዲት ክፍል አየሁ። «የሠራተኛ» ይላል። 2 በ 2፣ በአክሲስ።

ሒሳቡን ሥሩት። 25 ሴንቲ ሲቀነስ 1.75 በ 1.75 ነው። የገበያው ነጠላ አልጋ ፍራሹ ብቻ 1.90 ርዝመት አለው። አይገባም። በአግድምም በቁምም አይገባም። በማዕዘን ብታጋድሙትም አይገባም። ይህ ክፍል ጠባብ ነው ለማለት እንኳን አልደረሰም፤ ሰው አልጋ ላይ እግሩን ዘርግቶ የማይተኛበት ክፍል ነው። ወንድሜ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ማንም አልጋውን ስላላስገባበት ነው።

2.80 በ 3.20 አክሲስ አደረግነው። በውስጥ 2.55 በ 2.95፣ 7.5 ካሬ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ወንበር፣ እና ወደ ግቢው የሚከፈት መስኮት ገባ። የጎደለውን ካሬ ከማስተሩ ሶፋ ላይ ነው የወሰድነው።