አጥንት ውስጥ የሚገባው ጀሶ
(በቱሉ ዲምቱ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎችና ለወጌሾች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ወጌሾች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስገባ ደጃፉ ላይ ጀሶ የጫነ መኪና ቆሞ አየሁ። እዚህ ሰፈር ግንባታ መቼም አያልቅም። የእኔም ጉዳይ ጀሶ ነው፤ ግድግዳ የሚለሰንበት ሳይሆን አጥንት ውስጥ የሚገባው።

አምና አንድ የባጃጅ ሹፌር ወደ እኔ ተላከ። ቅልጥሙ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል፤ ስብራቱም ገጥሟል። ነገር ግን ከጉልበቱ በታች ምስር የምታህል ቀዳዳ መግል ማንጠባጠብ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ከኪሱ ባዶ የእንክብል ማሸጊያዎች አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። ሲውጥ ይደርቃል፣ ሲያቆም ይከፈታል። «መድኃኒቱ ሐሰተኛ ይሆን?» አለኝ።

አልነበረም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ሁሉ የጀሪካንን ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ያሙለጨልጫል። ንጹሕ ውኃ ስለተሞላበት ያ ልባጥ አይለቅም፤ መፈግፈግ ይፈልጋል። ባክቴሪያም ብረት ላይ ሲያርፍ ባዮፊልም የምንለውን እንዲህ ያለ ልባጥ ይሠራል። አጠገቡ ያለው አጥንት ደግሞ ሞቷልና ደም አያገኝም፤ እንክብሉም መርፌውም የሚጓዙት በደም ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ማኖር ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ድሬስማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የአጥንት ጉድጓድ በጀሶ መሙላቱን እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1970 ቡክሆልዝና ኤንግልብሬክት የተባሉ ሐኪሞች ጀንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከአጥንት ሲሚንቶ፣ ማለትም ሐኪሞች አጥንት ላይ ከሚጠቀሙበት ማጣበቂያ ጋር መለወሳቸውን አሳወቁ፤ ቀጥሎ ክሌም የተባለ ሐኪም ያንን ሲሚንቶ እንደ መቁጠሪያ በሽቦ ሰክቶ ተጠቀመበት። ሲሚንቶ ግን አይሟሟም፤ መቁጠሪያውን ለማውጣት ታማሚው ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል።

ጀሶ ይሟሟል። የምለው ለሕክምና የተዘጋጀውን ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር እንዳትገዙ አደራ። ለሹፌሩ ብረቱን አወጣን፤ የሞተውን አጥንት ደም እስኪያዥ ድረስ ፋቅን። ሰዓቱን የፈጀው ይህ ነው፤ ሳይፍቁ መሙላት እርጥበት የበላውን ግድግዳ እንደ መለሰን ነው። ከዚያ የጀሶውን ዱቄት ቫንኮማይሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ለውሰን ቅርጽ ማውጫው ላይ ጠፈጠፍነው። በደቂቃዎች ደረቀ፤ አተር አተር የሚያህሉትን ጠጠሮች ጉድጓዱ ውስጥ ሞልተን ሰፋን። እዚያ የሚጠራቀመው መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተን ከምናገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው። ውድ መሆኑን አልደብቃችሁም።

ነርሶች፣ ይህን ያዙልኝ። ጀሶው ሲሟሟ ከቁስሉ የጠራ ወይም ነጣ ያለ ፈሳሽ ለሳምንታት ሊወጣ ይችላል፤ ሁሉም መግል አይደለም። ትኩሳት፣ መቅላት ወይም ሽታ ካለ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ላኩልን። ታማሚው በጠና ካልደከመ በቀር በመሐል እንክብል አትጀምሩለት፤ ናሙና ሳንወስድ የተዋጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከላቦራቶሪ ይሰውርብናል። አባቶቼ ወጌሾች፣ እናንተም ብረት ያለበት እግር መግል ካወጣ አትሹት።

አሁን የሹፌሩን ራጅ ላሳያችሁ፤ ጠጠሮቹ በመጀመሪያው ሳምንትና በሦስተኛው ወር። እባካችሁ መጋረጃውን ዝጉልኝ።