ደም ካንሰር ለምን ያገረሻል?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይም የታካሚ ቤተሰቦች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ደሙ ንጹሕ ነው ብላችሁን አልነበር? ታዲያ እንዴት አገረሸበት?» ይላሉ ቤተሰቦች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደፈን ባለ መልስ መታለፍም የለበትም። ለመመለስ ግን ደም ከየት እንደሚመጣ ማየት አለብን።

እዚህ ቁጭ ባልንበት፣ በእያንዳንዳችን መቅኔ ውስጥ በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ህዋሶች ይፈጠራሉ። ቀይ ህዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ይሞታል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ቢቆይ ቢቆይ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ምርቱ ለአንድ ቀን እንኳ መቆም የለበትም። የዚህ ሁሉ ምንጭ የደም ግንድ ህዋሶች፣ ማለትም ስቴም ሴሎች ናቸው። ራሳቸውን ይተካሉ፤ ሁሉንም ዓይነት የደም ህዋስም ይወልዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ጄምስ ቲል የተባለ የፊዚክስ ሰውና ኧርነስት ማኩሎክ የተባለ ሐኪም ለዚህ መንገድ የከፈተ ሥራ አሳተሙ። መቅኔያቸው በጨረር ለተጎዳ አይጦች የጤነኛ አይጥ መቅኔ ሰጡ። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የአይጦቹ ጣፊያ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ታዩ። ውስጣቸው አዲስ የደም ህዋስ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እያንዳንዱ እብጠት ከአንዲት ህዋስ ብቻ የተነሳ መሆኑ ተረጋገጠ።

እነዚህ ግንድ ህዋሶች መጀመሪያ የሚወለዱት መቅኔ ውስጥ አይደለም። ፅንሱ አራትና አምስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ የትልቁን ደም ወሳጅ ቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ከሸፈኑት ጠፍጣፋ ህዋሶች ጥቂቶቹ ክብ እየሆኑ ከግድግዳው ይላቀቃሉ። ከዚያ ወደ ጉበት ሄደው ይበዛሉ። ከመወለዳችን በፊት ደግሞ መቅኔ ገብተው ይሰፍራሉ። እኔን ይህ ሁሌም ይገርመኛል፤ የደም መንገድ የሆነው ቧንቧ ራሱ ደም ይወልዳል!

መቅኔ ከገቡ በኋላስ? አብዛኞቹ ያርፋሉ፤ ማለትም ብዙም አይከፈሉም። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሸከሙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ዘረ መሉን ይገለብጣል፤ በተገለበጠ ቁጥርም ስህተት ሊገባ ይችላል። ግንድ ህዋሱ ሲያርፍ ከዚህ ስህተት ይጠበቃል። በመቅኔው ያሉ ጎረቤት ህዋሶችም በሚልኩት መልእክት እረፍቱን ይጠብቁለታል።

ከዳሌ አጥንት የተወሰደ የጤነኛ ሰው መቅኔ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደስ ይላል። ትልቁም ትንሹም፣ ጀማሪውም የጨረሰውም ተቀላቅሎ ይታያል። ወደ ቀይ ህዋስ የሚያድገው እያነሰ፣ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን እየተሞላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ዘረ መሉን የያዘውን ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል። የአጣዳፊ ሉኪሚያ፣ ማለትም በፍጥነት የሚያድግ የደም ካንሰር፣ መቅኔ ግን ሌላ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ህዋስ ነው፤ ትልቅ ኒውክሊየስ ያለው፣ ለጋ፣ ማደጉን ያቆመ። ቦታውን ስለሚሞላው ጤነኛው ደም መመረት ያቅተዋል። ታማሚው የሚደክመው፣ የሚደማውና ኢንፌክሽን የሚመላለስበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም የደም በሽታ እንዲህ አይደለም። አፕላስቲክ አኒሚያ በሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ራሱ ግንድ ህዋሶቹን ያጠቃና መቅኔው በስብ ይሞላል። ሲኤምኤል በተባለው ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ደግሞ ህዋሶቹ ያድጋሉ፤ ግን ያለልክ ይበዛሉ። መነሻው አንድ ግንድ ህዋስ ውስጥ ዘረ መልን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች የ9ኛውና የ22ኛው ቁራጮች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየችው ጃኔት ራውሊ የተባለች ሐኪምና ተመራማሪ ናት። ይህን በሽታ የሚያክመው ኢማቲኒብ የተባለው እንክብል እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የብዙ ታካሚዎች ዕጣ ተለወጠ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ። የተለመደው ኬሞቴራፒ በዋናነት የሚመታው በመከፈል ላይ ያለን ህዋስ ነው። ሉኪሚያም የራሱ ግንድ ህዋሶች አሉት፤ ከእነሱ መካከል የሚያርፉ አሉ። ጤነኛውን ህዋስ የሚጠብቀው እረፍት እነሱንም ከመድኃኒት ይሸሽጋቸዋል። ደሙ ሲመረመር ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ጥቂቶቹ ግን መቅኔ ውስጥ ተደብቀው ቆይተው ሲነሱ በሽታው ያገረሻል። ታካሚው ስላልጸለየ፣ ስላልበላ ወይም ስለተጨነቀ አይደለም። እባካችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

የማገርሸት አደጋው ከፍ ያለ ሲሆን የመቅኔ ንቅለ ተከላ እናስባለን። ለዚህ ሕክምና ፈር የቀደደው ሐኪም ዶናል ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የለጋሹ ግንድ ህዋሶች እንደ ደም በክንድ ወይም በደረት የደም ሥር በኩል ይሰጣሉ፤ ወደ መቅኔ የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። አዲሶቹ የመከላከያ ህዋሶችም የተደበቀውን ሉኪሚያ ፈልገው ሊያጠፉት ይችላሉ። ሕክምናው ከባድ ነው፤ አንዳንዴ የለጋሹ ህዋሶች የታካሚውን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት ያጠቃሉ።

ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ለልገሳ በሚያስፈልገው የህብረ ህዋስ ዓይነት ከታካሚው ጋር ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከለጋሽ የሚወሰደው መቅኔ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ለለጋሽነት ምርመራ ስትጠሩ ይህን አውቃችሁ ኑ፤ የሚያስፈራችሁን ሁሉ ደግሞ ሳትሳቀቁ ጠይቁን።

አመሰግናለሁ።