ሳንታ፣ ኩኪሱና የእናት ጭንቀት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዲሴምበር ሲገባ አሜሪካ ካሉ አድማጮቻችን የሚደወለው ስልክ ይበዛል። ዘንድሮ ብዙዎቹ የጠየቁት ስለ የገና አባት ነው፤ ልጆቹ እንደሚሉት ስለ ሳንታ። ጥያቄዎቹን ለልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያዋ እንግዳችን አቅርበናል።

አንድ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ ስለ ሳንታ ሲያወሩ እንዳይከፋው ብዬ እኔም ጨዋታው ውስጥ ገባሁበት። ማታ ለሳንታ ብለን ኩኪስ በሳህን እናስቀምጣለን። ልጄ ሲተኛ ተነስቼ፣ ሳንታ የበላው እንዲመስል ግማሹን ገምጬ እተወዋለሁ፤ ያውም በጾም! አሁን ‹እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ› እያለ አፋጠጠኝ። ዋሽቼ ያሳደግኩት መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ያምነኛል?»

መልስ፦ ለጾሙ እንኳ ኩኪሱን በእጅ ቆርሶ መጣል ይቻል ነበር እኅቴ። ወደ ልጁ እንምጣ። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። አንደርሰንና ፕሬንቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ሳንታ እውነቱን ያወቁ ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠየቁ። ልጆቹ በአብዛኛው እንደ እርስዎ ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ራሳቸው ደርሰውበታል። ምን ተሰማችሁ ሲባሉ የሚበዛው መልሳቸው ደስ የሚል ስሜት ነበር። ያዘኑት ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ አሁን ሆድዎን የሚያባባው ነገር የልጁ ሐዘን ላይሆን ይችላል። ልጅዎ እያደገብዎት ነው፤ እሱ ነው የከበደዎት።

ግን አይሽሹት። መጀመሪያ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ይበሉት። መጫወት የፈለገ ልጅ ወዲያው የሳንታን ጋሪ ስለሚጎትቱት አጋዘኖች ማውራት ይጀምራል፤ ያንን ይተዉት፣ ይጫወት። ማስረጃ የሚደረድር ልጅ ግን ሌላ ነው። «ካርዱ ላይ ያለው ያንቺ ጽሑፍ ነው፣ መጠቅለያ ወረቀቱን ቁምሳጥን ውስጥ አይቼዋለሁ» ካለዎት አውቋል ማለት ነው። ከእርስዎ የሚፈልገው ማረጋገጫ ብቻ ነው። በዚህ ሰዓት «አይ፣ አለ እንጂ!» ብለው ከተከራከሩት ነው እምነቱ የሚሸረሸረው። «አዎ፣ እኔ ነኝ። አንተን ማስደሰት ፈልጌ ነው» ይበሉት። ታናሽ ካለችው ዘንድሮ ኩኪሱን የሚገምጠው እሱ ይሁን። ምስጢር የተሰጠው ልጅ ተታለልኩ አይልም፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው።

ደግሞ ብቻዎን አይደሉም። አገሩ በሙሉ አድሞበታል። የአሜሪካ (ዛሬ የአሜሪካና የካናዳ) አየር መከላከያ ዕዝ እንኳ ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ሳንታ አሁን እዚህ ደረሰ» እያለ ለልጆች ይናገራል። በ1897 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቨርጂኒያ የተባለች የስምንት ዓመት ልጅ «ሳንታ አለ?» ብላ ኒውዮርክ ሰን ለተባለው ጋዜጣ ጻፈች። ጋዜጣውም «አዎ፣ አለ» ብሎ በርዕሰ አንቀጹ መለሰላት። መልሱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኔን የሚያስቀኝ አባትየው ነው፤ ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር። ጋዜጣው ያለው እውነት ነው ብሎ ከጥያቄው አመለጠ።

አንድ አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ «ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። አምና እንደምንም ቆጥቤ ለልጄ ብስክሌት ገዛሁ። ጠዋት ተነስታ ‹ታንክዩ ሳንታ!› ብላ ጮኸች። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። ቅናት ነው ልበል?»

መልስ፦ ይበሉ፣ ምን ችግር አለው ወንድሜ። ብዙ አባቶች ይሰማቸዋል፤ አፍ አውጥተው አይናገሩትም እንጂ። ትልቁ ስጦታ ከአባባ ይሁን፣ ካርዱ ላይም ይጻፉበት። በሳንታ ስም ካልሲና ቸኮሌት ይበቃል። ይህ ለሌሎች ልጆችም ይጠቅማል። ሳንታ ለአንዱ አይፓድ፣ ለሌላው የሥዕል መቀቢያ ደብተር ካመጣ፣ ደብተር የደረሰው ልጅ «እኔ ባለጌ ነበርኩ ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። የአባቶች ኪስ እንደሚለያይ ቢነገረው ግን ይገባዋል። ደግሞስ እኛ ጃንዋሪ 7 የራሳችን ገና አለን አይደል? ብስክሌቱን ለዚያን ቀን ያቆዩት። ሳንታ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፣ ዋጋውም ሳይቀንስ አይቀርም።

ሌላ አባት፣ ከሲያትል፦ «ገና የጌታ ልደት ነው፤ እኛ ቤት ሳንታ የለም ብዬ ለልጄ ነገርኳት። እሷ ክፍል ገብታ አወጀችው። ልጆች አለቀሱ፣ አስተማሪዋም ጠራችኝ።»

መልስ፦ ሳንታ በሌለበት ቤት ያደገ ልጅ ምንም አይጎድልበትም። የቀረው «ይሄ የሌሎች ቤት ጨዋታ ነው፣ አናበላሽባቸውም» የሚለው ነው። ዛሬ ማታ ይንገሯት። «የለም» ብቻ ብለው ከሚያቆሙ ከታሪኩ ይጀምሩላት። ከሳንታ ጀርባ ያለው ሰው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ የምትገኘው የሜራ ኤጲስ ቆጶስ። ለሦስት ድሆች ልጃገረዶች ማጫ የሚሆን ገንዘብ በሌሊት በመስኮት ወርውሮ እንደሄደ ይተረክለታል። በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ይታሰባል። ልጅቷ ይህን ይዛ ብትሄድ ክፍሉ ውስጥ ማንም አያለቅስም።

ልጃቸው ጋ የመጡ አያት፣ ከዴንቨር፦ «እኛ በአያ ጅቦ አስፈራርተን ነው ያሳደግናቸው፣ ምን ሆኑ? አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ጥርስ ወለቀ። ጣራ ላይ እንወርውረው ስል እነሱ እንደ አገሩ ልማድ ትራስ ሥር አድርገው ገንዘብ ተኩለት።»

መልስ፦ እማማ፣ አያ ጅቦንስ እኔም ብዙ ሌሊት ፈርቼዋለሁ። እንደ ተረት ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ልጅ ማስተኛ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ዛሬም አንዳንድ ቤት «ሳንታ እያየህ ነው፣ ካስቸገርክ ስጦታ የለም» ይባላል። ይሄ እኮ ቀይ ልብስ የለበሰ አያ ጅቦ ነው። ማስፈራሪያውም አይሠራም፤ ስጦታው ተገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳለ ወላጅ ያውቃል፣ ልጁም ውሎ አድሮ ይገባዋል። ስለ ጥርሱ ግን አይጣሉ። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ ለሁለታችሁም ይደርሳል። የሚቀጥለውን እርስዎ ይወርውሩ፣ ጣራው ብቻ የጎረቤት እንዳይሆን።