ጥርት ያለው የቱ ላይ ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የነፍሳት ፎቶግራፍ ውድድር ዳኞች፤

ምስሎቹን ማየት ከመጀመራችን በፊት ጥቂት እንድናገር ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ አንበሳና ንስር፣ አጋዘንና ዝሆን ስትዳኙ የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ። በዚያ የሠለጠነ ዓይን ወደ ነፍሳት ሲመጣ ግን በአንድ ነገር ይሳሳታል፤ «እንዴት ጥርት ብሏል!» በሚለው ሙገሳ።

ነገሩ ከፊዚክስ ይጀምራል። የአንዲት ዝንብ ምስል ብርሃን በሚቀበለው የካሜራው ገጽ፣ በሴንሰሩ ላይ፣ በእውነተኛ መጠኗ ሲያርፍ፣ በባለሙሉ መጠን ሴንሰር ካሜራ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11 ወደሚባለው ጠባብ መጠን ቢቀነስ እንኳ፣ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጥልቀቱን ለመጨመር ቀዳዳውን ይበልጥ ማጥበብ ይቻላል፤ ነገር ግን በጠባብ ቀዳዳ ያለፈ ብርሃን ስለሚበተን ያኔ ምስሉ በሙሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው በአንድ ቀረጻ ሁሉንም ላሳይ ቢል አይሆንለትም። ያችን አንዲት ሚሊ ሜትር የት እንደሚያሳርፋት መወሰን አለበት። እኛ የምንዳኘውም ይህንን ውሳኔ ነው።

ክንፏን ገጥማ ያረፈች ቢራቢሮን እንውሰድ። ካሜራው ከክንፏ ጋር ትይዩ ከሆነ ቅርፊቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ዓይኗና የአንቴናዋ ሥር እንኳ አብረው ሊጠሩ ይችላሉ። ጥቂት ዲግሪ ዘንበል ካለ ግን ጭንቅላቷ ጠርቶ የክንፏ ጠርዝ ይጠፋል። ሁለቱም ምስሎች ያላቸው «ጥራት» በመጠን እኩል ሊሆን ይችላል፤ በአንደኛው ግን ቦታውን የመረጠው ሰው ነው፣ በሌላኛው አጋጣሚ። ይህን ለመለየት ምስሉን እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ ዓይን ዓይኑን መፈለግ አያስፈልጋችሁም። «ዓይኑ የግድ መጥራት አለበት» የሚለውን ሕግ እኔም ብዙ ጊዜ እቀበለዋለሁ፤ ሆኖም ጉንዳን ምርኮዋን በመንጋጋዋ ነክሳ ስትጎትት መጥራት ያለበት መንጋጋው ነው፤ ዓይኗ ቢደበዝዝ ነጥብ የምቀንስ ሰው አይደለሁም።

በርካታ ቀረጻዎችን በኮምፒውተር አዋህዶ መላ አካሉን ማጥራት እንደሚቻል ታውቃላችሁ። የውድድሩ ደንብ ከፈቀደና አንሺው ካሳወቀ ነውር የለበትም። ነገር ግን አንቴና እግርን አቋርጦ የሚያልፍበትን ቦታ ደኅና አድርጋችሁ እዩ። በዙሪያው ነጣ ያለ ጥላ ካለ፣ ፀጉሮች አየር ላይ ተቆርጠው ከቀሩ፣ አንዱ አንቴና ሁለት ከሆነ ውህደቱ በጥድፊያ የተሠራ ነው። ከዚያ ደግሞ ጠይቁ፤ ነፍሳቱ ለዚህ ሁሉ ቀረጻ ጸጥ ብሎ የቆየው እንዴት ነው? ሐቀኛ መልስ አለው። በቀዝቃዛ ማለዳ የአብዛኞቹ ነፍሳት ሰውነት አብሮ ስለሚቀዘቅዝ ጠል ለብሰው ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ፤ ማለዳ የሚነሣ ፎቶ አንሺ ይህን ያገኛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ ወይም የሞተ ነፍሳትም ሐቀኛ ያልሆነው መልስ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የእግሩን ጫፍ ነው፤ ጥፍሮቹ ቅጠሉን ጨብጠዋል ወይስ ዝም ብለው ተቀምጠዋል?

ይህን ጥርጣሬ ከየትም አላመጣሁትም። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው ዓመታዊ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሸነፈ አንድ ምስል፣ ጉንዳን በል እንስሳ በሌሊት ወደ ምስጥ ኩይሳ ሲቀርብ የሚያሳይ ነበር፤ በኩይሳው ላይ የጥንዚዛ እጮች ያበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን እንስሳው ቆዳው ተሞልቶ ለዕይታ የተዘጋጀ በድን ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሽልማቱ ተነሣ። ያን የሚያህል እንስሳ ዳኞችን ካሳሳተ ጥንዚዛማ ምን ያህል ይቀለዋል?

በዚያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2022 ታላቁን ሽልማት ያገኘችው ካሪን አይግነር ናት። ምስሏ በቴክሳስ ትኩስ አሸዋ ላይ የሚንከባለል የንቦች ኳስ ነው፤ ወንዶቹ ሁሉ በአንዲት ሴት ላይ ተረባርበዋል። ካሜራው ከላይ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዓይን ሳይሆን የንብ ዓይን ያለበት ከፍታ ላይ ወርዷል። ያ ምስል የንቧን አካል ከመግለጽ አልፎ ንቦች እንዴት እንደሚኖሩ ይነግረናል። አንገቱን ደፍቶ ከቁመቱ ያነሣ ሰው ቢያንስ የዝርያ መለያ ፎቶ አግኝቷል፤ ያም የራሱ ጥቅም አለው፣ የክንፍ ደም ሥሮች በግልጽ ከታዩ ለሳይንቲስት ሀብት ነው። ለዚህ ሽልማት ግን አይበቃም።

በብርሃን ላይ ብዙ አልቆይም። በጥንዚዛ ጀርባ ላይ የሚፈነጥቅ ነጭ ነጥብ ፍላሹ ሳይለዝብ እንደተተኮሰ ይናገራል፤ በቀን አበባ የምትቀስም ንብ ከጥቁር ዳራ ፊት ስትቆምም ሌሊት ያወጣናት ይመስላል። ቀለም አብዝቶ ማድመቅንም ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ ቢራቢሮ ስላማረች ብቻ ዝንብን አትጣሏት። የቢራቢሮዋን ውበት ፎቶ አንሺው አልሠራውም።

በእጃችሁ ባለው የነጥብ መስጫ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ሳጥን «የምስል ጥራት» ይላል። እሱን ባዶ ትታችሁ ከሁለተኛው ጀምሩ፤ «ነፍሳቱ ምን እያደረገ ነው?» ከሚለው። የመጀመሪያውን መጨረሻ ላይ ሙሉት።

አመሰግናለሁ።