ደኅና ግጦሽ ያገኘች አኩሪ አተር

እሺ። ሰላም ናችሁ ወይ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው እያልኩ ነው መቼስ።

የአያቴ የእቴቴ አርባ ባለፈው ቅዳሜ ወጣ። መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አልመለስኩም፣ አውቃለሁ። «ጎረቤትስ ደኅና ናት?» ያላችሁኝ ግን አሳቃችሁኝ። ጎረቤት የምንላት ጣሪያው ላይ ያለችውን የጭስ ማንቂያ ነው። ደኅና ናት። ለአርባው እጣን ስናጤስ እንደ ልማዷ ጮኸች። ሁላችንም እኩል ወደ ጣሪያው ቀና አልን። «ጎረቤት መጣች፣ ስኒ ጨምሩ» የሚል ሰው ጠፋ። አጎቴ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪዋን ነቀለ። እቴቴ እያለች አትነቀልም ነበር። እንደ ጮኸች ነበር ቡናው የሚጠጣው።

ዛሬ ግን ስለ ልቅሶው አይደለም። ስለ ወተቱ ነው። ወተቱን ለማንም አልተናገርኩም።

«የሕይወት ታሪኳን ተርኪልን» ያላችሁም አላችሁ። ከየት ልጀምር? ጣሊያን ሲገባ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ጫካ የገባች ናት። በ1977 ሦስት ልጆች ይዛ በሌሊት በመተማ ተሻገረች። ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ከዚያ እዚህ አሜሪካ። ጤፍ በማይገኝበት ዘመን በሰልፍ ራይዚንግ፣ ማቡኪያው አብሮት በተቀላቀለ የፈረንጅ ዱቄት፣ እንጀራ ጋግራ ቤት ሙሉ ሰው አበላች። 22 ዓመት የሆቴል አልጋ አነጠፈች። ወረቀቷ ላይ የተወለደችው ጃንዋሪ 1 ነው። የስደተኛ ነገር፣ ቀኑን የማያውቅ ሁሉ ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። እሁድ አዳራሽ ከሚቀመጡት እናቶች ስንቱ የዚያን ቀን እንደ «ተወለደ» ብታዩ። «የኛን ልደት ፈረንጅ ርችት ይተኩስለታል» ትል ነበር። ይሄን ሁሉ ሰምታችሁታል፣ ደግሜ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ።

ወደ ወተቱ።

ሁዳዴ ነው። የመፃጉዕ ሳምንት፣ ረቡዕ። ኪሎዋ በጣም ወርዷል። ሐኪሙ ፕሮቲን፣ ወተት፣ እንቁላል ብሎ ዘርዝሯል። የነፍስ አባቷም ቤት ድረስ መጥተው «ለታመመ ጾም የለበትም፣ እንደ መድኃኒት ውሰጂው» ብለዋታል። በፊቴ ነው ያሏት። «እሺ አባቴ» አለች። እሳቸው ከወጡ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመች። በዘጠኝ ሰዓት ሁለት ጉርሻ ሽሮ።

እኔ ደግሞ የአጃ አጥሚት ሠራሁ። እና ወተት ጨመርኩበት። ብዙ አይደለም፣ ግማሽ ኩባያ። ካርቶኑን ቆሻሻ ውስጥ ከታች ቀበርኩት፣ ከላዩ የሽንኩርት ልጣጭ አደረግኩበት። እንደ ሌባ። ያቺን ሰማያዊ ኩባያ ይዤ ገባሁ። «እቴቴ፣ በአኩሪ አተር ወተት ነው የሠራሁት» አልኳት።

ሳትጠይቀኝ እኮ ነው!

እዚህ ላይ ነው የምቆመው ሁሌ። ዝም ብዬ ብሰጣት ምናለ? እሷ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። እኔ ግን አፌን ከፈትኩ። ውሸት ሲያቀብጥ እንዲህ ነው።

በሁለት እጇ ያዘችው። አንዴ ፉት አለች። ደገመች። ላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ አረፋ ቀረ። መስኮቱን አየች። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ፦

«ይቺ አኩሪ አተር ደኅና ግጦሽ አግኝታለች።»

(ሳቅ)

ያኔ አልሳቅኩም። ጨለጠችው። ኩባያውን ሰጠችኝ። «እጅሽ ይባረክ» አለች። አማተበችና ዳዊቷን አነሳች።

እኔ ማንን ነው ያታለልኩት? በስምንት ዓመቷ ላም ያለበች የጎንደር ገበሬ ልጅን? አውቃለች። አውቃ ነው የጠጣችው። ወይስ... ደግሞ በዚያ ሰሞን ጣዕም እየጠፋባት ነበር፤ ሽሮው ጨው የለውም ስትል በጨው የታጨቀ ነበር። ምናልባት እውነትም ጥሩ አኩሪ አተር መስሏት አሞገሰችኝ ይሆናል። ወይ ደግሞ ጎንደሬ ናት፣ ቅኔ ነው። እኔ እንጃ።

በነጋታውም ሠራሁ። ጠጣች። አርብ ግን «አባን ጥሪልኝ» አለች። መጡ። በሩ ተዘጋ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሄዱ። ሁልጊዜም መታ መታ ያደርጉኛል፣ እሱ ማስረጃ አይሆንም። ግን ምን አለቻቸው? የራሷን ኃጢአት ነው ወይስ የኔን?

አውቆ ዝም ማለት ትችልበታለች እኮ። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በነበረ ጊዜ እሷና እህቷ በየፊናቸው ነበር የሚያስቀድሱት። ያን ሁሉ ዓመት። በሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ላይ እርቁ ሲሆን እኛ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፍተን እናለቅሳለን። እሷ ተነስታ ለእህቷ ድፎ ዳቦ ጠቀለለች። ለካ በየበዓሉ ስትልክ ኖራለች። አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። እና ግማሽ ኩባያ ወተት መደበቅ ለሷ ምንድነው?

መፃጉዕ ስል ደግሞ... ይቅርታ፣ ዛሬ አንድ ቦታ አልረጋም። መጀመሪያ የሠራችበት ሆቴል ቤቴስዳ ነበር። አንዳንዴ ትምህርት ሲዘጋ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ባቡሩ ውስጥ የጣቢያው ስም ሲጠራ ታማትባለች። «ምነው?» እላለሁ። «ቤተ ሳይዳ ነዋ፣ የመፃጉዕ አገር።» «እቴቴ፣ ሜሪላንድ ነው እኮ!» አሾፍኩባት። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ሳጣራ እውነቷን ነው። እንደ ፈረንጅ በ1871 ለፖስታ ቤቱ ስም ሲፈለግለት እዚያ ከነበረ ጸሎት ቤት ነው የተወሰደው፣ ጸሎት ቤቱ ደግሞ ከወንጌሉ። በየቀኑ በዚያ መጠመቂያ አጠገብ እያለፈች ነበር ሥራ የምትገባው፣ እንደሷ አስተሳሰብ።

መፃጉዕ፣ ያ 38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰውዬ፣ «ሰው የለኝም» ይል የለ። እሁድ እሁድ እኛ ገበታውን ከበን ስንንጫጫ እቴቴ ዳር ላይ ተቀምጣ «እኔስ ሰው አለኝ» ትል ነበር። ለራሷ ነው፣ ቀስ ብላ። እና እኔ ያ ሰው ሆኜ...

ተዉት። ወደዚያ አልሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። የፋሲካ ጠዋት ወተቱን ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። በግልጽ። ከንግዲህ መደበቅ የለም ብዬ ደስ ብሎኝ። «እቴቴ፣ ወተት» አልኳት። ካርቶኑን አየችው። እኔን አየችኝ።

«አኩሪ አተሩ አለቀ እንዴ?» አለች።

በቃ ይሄው ነው ያለችው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እኔ ደግሞ «አለቀ» አልኳት። አያችሁ? አሁንም ዋሸሁ። ያኔ ብነግራት ኖሮ ቢያንስ... ሰኔ እስኪገባ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ነው የዋልኩት።

ቆይ፣ ስልኬ ነው። እናቴ ናት። እሷ ይሄን ነገር አታውቅም። ካወጣሁት ትሰማዋለች፣ አንድም አያመልጣትም። ያን ቦታ ልቁረጠው ይሆን? ደግሞ እሱ ከተቆረጠ ምን ይቀራል...

ቆዩ፣ ላንሳው። ሄሎ፣ እማ?