97 ሜትር ተኩል፦ ግማሽ ማራቶን ለምን ይሮጣል?

[ምስል፦ አስፋልት ዳር የቆመ «21» የሚል ምልክት። ላብ ያራሰው ሯጭ አልፎት ይሄዳል።]

ግማሽ ማራቶን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መንገድ ላይ ብትጠይቁ «ሃያ አንድ» ይሏችኋል። የሮጠ ሰው ግን ያርማችኋል። 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል። ያቺን ትርፍ እንድትዘሉበት አይፈልግም። «21» የሚለውን ምልክት አልፎ፣ በልቡ «ተገላገልኩ» ብሎ፣ ቀና ሲል መድረሻው ገና እዚያ ማዶ ቆሞ አይቶታላ! መቶ ሜትር የማይሞላ መንገድ እንዲህ ይረዝማል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ይቺ ትርፍ ከየት መጣች?

[ምስል፦ የድሮ ጥቁርና ነጭ የለንደን ካርታ። ቀይ መስመር ቀስ እያለ ይሰመራል።]

እ.ኤ.አ. በ1908 የኦሎምፒክ ጨዋታ ለንደን ላይ ተካሄደ። ማራቶኑ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ፣ ስታዲየም ውስጥ ንጉሣውያኑ በተቀመጡበት ፊት እንዲያልቅ ተደረገ። ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነበር። በ1921 ይኸው ርቀት የማራቶን ቋሚ ልክ ሆኖ ጸደቀ። ለሁለት ስታካፍሉት 21.0975 ይመጣል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የሰው ልጅ አቅም ተጠንቶ የወጣ ልክ አይደለም። የአንድ ቤተ መንግሥት አጥርና የአንድ ወንበር ቦታ ያመጡት ቁጥር ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ በራሱ ባዶ ነው። ታዲያ ሰው ለዚህ ባዶ ቁጥር ብሎ ወራት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ የሚነሣው ለምንድን ነው?

ከስሙ እንጀምር፤ ስሙ በድሎታል። «ግማሽ» ሲባል የጎደለ ነገር ይመስላል። ግማሽ ማራቶን የሮጠ ሰው ሁሉ «ሙሉውን መቼ ነው?» ተብሎ ተጠይቋል። አስር ሺህ ሜትር ለሮጠ ሰው ግን «ሃያ ሺው መቼ ነው?» የሚለው የለም።

ዘረሰናይ ታደሰን ውሰዱ። ኤርትራዊው ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2010 ሊዝበን ላይ ግማሽ ማራቶንን በ58 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ክብረ ወሰኑ ከ8 ዓመት በላይ ቆየ። የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮናን አምስት ጊዜ አሸንፏል። ማራቶን ላይ ግን በይፋ በተመዘገበ ውድድር ከ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ በታች ገብቶ አያውቅም። በዚህ ርቀት ንጉሥ የነበረ ሰው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሌላ ሰው ሆነ። ለኔ ይሄ በቂ ማስረጃ ነው። ግማሽ ማራቶን የማራቶን ቁራጭ ሳይሆን ራሱን የቻለ ውድድር ነው።

[ምስል፦ የሰው ሰውነት ቅርጽ። ጡንቻዎቹና ጉበቱ በብርቱካናማ ቀለም ይሞላሉ፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ይጎድላል።]

ምክንያቱ ያለው ሰውነታችን ውስጥ ነው። ሰውነት ስኳርን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያጠራቅማል። በደንብ የበላና ያረፈ ሰው ከ1600 እስከ 2000 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ይይዛል። ስንሮጥ ደግሞ በየኪሎ ሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታችን አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ እናቃጥላለን። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ማራቶን 1500 ገደማ ያስፈልገዋል። ለማራቶን 3000 ገደማ። ከሚቃጠለው ከፊሉ ስብ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን ሸክሙ ወደ ስኳሩ ያጋድላል።

ማራቶን ላይ ብዙ ሯጭ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጉልበቱ ሙጥጥ ብሎ እግሩ እንጨት የሚሆንበት ለዚህ ነው። የማራቶን ሯጭ ጎተራው ባዶ እየሆነ እያለ መሮጥ አለበት። ግማሽ ማራቶን ላይ ግን ጎተራው በልኩ ይበቃል። በልኩ ነው ያልኩት፤ ለብክነት የሚተርፍ የለውም። 5 ኪሎ ሜትር በጉራ ይጨረሳል። 10 ኪሎ ሜትርም ጥርስ ነክሶ ያልፋል። 21 ላይ ጉራ አይሠራም። የሠራችሁትን ያህል ይሰጣችኋል፣ ያልሠራችሁትን ይነግራችኋል። እኔ የምወደው ለዚህ ነው።

ልምምዱ ራሱ አያስፈራም። ትንሽ ሶምሶማ የለመደ ሰው ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይበቃዋል። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ይሮጣል። አብዛኛው ሩጫ እያወሩ መሮጥ የሚቻልበት ፍጥነት ላይ መሆን አለበት። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በሳምንት አንዴ ረጅም ሩጫ አለ፤ እየጨመረ 16፣ 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መጨረሻ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀነሳል፣ እግር እንዲያርፍ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ትንፋሽ ቶሎ ይሻሻላል፤ በሳምንታት ውስጥ ለውጡ ይታወቃችኋል። ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው። ትንፋሹ «እችላለሁ» ይለዋል፣ ጉልበቱ ገና ነው።

[ምስል፦ ገና ያልነጋ መንገድ። የመንገድ መብራት ሥር ብቻውን የሚሮጥ ሰው።]

የሩጫው ትርጉም የሚጠራቀመው እዚህ ይመስለኛል። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ሳምንት ላይ። ዝናብ ያካፋል። ጫማው ካለፈው ቀን ገና አልደረቀም። ማንም አያያችሁ፣ ማንም አያጨበጭብ። አልጋው ይሞቃል። ብትቀሩ የሚጠይቃችሁ የለም። ትነሣላችሁ፣ እርጥቡን ጫማ ታስራላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ይህን አሥር ጊዜ ያደረገ ሰው ስለራሱ አንድ የማያውቀው ነገር አውቋል። ውድድሩ ሲመጣ ያንን ሰው ነው መነሻው ላይ ይዞት የሚቆመው።

እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ዕለት ግን ይዤው የቆምኩት ሌላ ሰው ነበር።

[ምስል፦ መነሻ ላይ የተጨናነቀ ሕዝብ። ሁሉም እጁን የሰዓቱ ቁልፍ ላይ አድርጓል።]

እቅዴ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ40 መሄድ ነበር። ተኩሱ ሲሰማ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ፤ እኔም አብሬ። እግሬ አርፏል፣ ልቤ ይዘላል፣ ግራና ቀኝ ሰው ይጮኻል። ሰዓቴን ሳየው 4፡55 ይላል። «ዛሬ ቀኔ ነው» አልኩ። ቀኔ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች በነጻ የተሰጡ ይመስላሉ። ሒሳቡ ግን በኋላ ይመጣል።

16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መጣ። ከኋላዬ የጫማ ድምፅ እሰማለሁ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እንደ ግድግዳ ሰዓት የማይለዋወጥ። አንድ ሽማግሌ ናቸው። መነሻው ላይ በፈገግታ ያለፍኳቸው ሰው! አጠገቤ ሲደርሱ ዞር እንኳ ሳይሉ «አይዞህ ልጄ፣ እጅህን ፈታ አድርገው» አሉኝ። ሳየው እጄን ለድብድብ እንደሚወጣ ሰው ጨብጬዋለሁ። ፈታሁት። ትከሻዬም አብሮ ወረደ። ጫማቸው ግን ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ራቀኝ።

የተረፈውን እየተራመድኩ፣ እየሮጥኩ ጨረስኩት። ደግሞ የሸሚዜ ስፌት ብብቴ ሥር እንደላጠኝ ያወቅኩት ማታ ገላዬን ስታጠብ ነው። የጮኽኩትን ጩኸት ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ቫዝሊን ቀቡ። የምር ነው የምላችሁ።

[ምስል፦ መንገድ የሚለካ ብስክሌት። ጎማው አጠገብ ትንሽ ቆጣሪ።]

ሰዓትን ካነሣን አንድ ጥያቄ ልመልስ። መድረሻው ላይ ሁሌ የሚሰማ ቅሬታ አለ። «መንገዱ ረዝሟል፣ የኔ ሰዓት 21.3 ነው የሚለው!» መንገዱ አልረዘመም። በሕጉ መሠረት መንገዱ የሚለካው ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ነው። የሚለካውም ሯጭ ሊሄድበት የሚችለው አጭሩ መስመር ነው። ኩርባ ላይ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ማለት ነው። እንዳያጥር ተብሎም በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ይጨመርበታል። እናንተ ግን ኩርባውን በሰፊው ትዞራላችሁ፣ ሰው ለማለፍ ትወጣላችሁ፣ ውሃ ለማንሣት ወደ ዳር ትሄዳላችሁ። ሰዓታችሁ ርቀት የሚለካበት ሳተላይትም በበኩሉ ይሳሳታል።

ቀልድ አይደለም፣ ዋጋ ያስከፍላል። ከ2 ሰዓት በታች መግባት የፈለገ ሰው ሒሳቡን ሠርቶ ኪሎ ሜትሩን በ5፡41 ይሮጣል እንበል። ሰዓቱ 21.3 ካነበበ የሚገባው በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነው። 5፡38 መሮጥ ነበረበት። ስንቱ በዚህች ሦስት ሰከንድ አልቅሷል መሰላችሁ።

[ምስል፦ ከላይ የተነሣ የሯጮች ጎርፍ።]

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለተሰንበት ግደይ የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗን ቫሌንሲያ ላይ ሮጠች። 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ3 ደቂቃ በታች ማለት ነው። የቀድሞውን ክብረ ወሰን 70 ሰከንድ ቀነሰችበት። በኳስ ሜዳ ዓለም ሻምፒዮኑ በተጫወተበት ሰዓት እኔና እናንተ አብረን አንገባም። የጎዳና ሩጫ ግን ብዙ ጊዜ ፈጣኑንም ቀርፋፋውንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አስፋልት ያስኬዳል። አንዱ በአንድ ሰዓት ይገባል፣ ሌላው በሦስት። ርቀቱ ግን እኩል ነው፣ 97 ሜትር ተኩሏ እንኳ አትቀነስም።

እንግሊዝ ውስጥ ከኒውካስል ወደ ሳውዝ ሺልድስ የሚሮጥ ግሬት ኖርዝ ረን የሚባል ግማሽ ማራቶን አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ሚሊዮንኛውን ጨራሽ አስገብቷል። መነሻውና መድረሻው በጣም ስለሚራራቁ እዚያ የተሮጠ ሰዓት ለዓለም ክብረ ወሰን አይያዝም። ቢሆንም በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሮጠዋል። ብዙዎቹ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። ከኋላቸው ብትሮጡ ጀርባቸውን ታነባላችሁ። «ለእናቴ»፣ «ለወንድሜ» የሚል። አንዳንዱ ፎቶ ለጥፏል።

ሰው ባዶውን ቁጥር በእንዲህ ያለ ነገር ይሞላዋል። አንዱ በሐዘን፣ አንዱ ከሕመም በማገገሙ፣ አንዱ ከጓደኛው ጋር በገባው ውርርድ። የውርርዱንም አልንቅም። 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውርርድም ቢሆን ያሮጣል።

[ምስል፦ መድረሻው። የሰዓቱ ሰሌዳ 2፡58 ይላል። ሕዝቡ ሳስቷል።]

ባለፈው ጨርሼ፣ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ እነዚያ መጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ዳር ተቀመጥኩ። አብዛኛው ሰው ሄዷል። አንዲት ሴት «21» የሚለው ምልክት ጋ ደረሰች። እርምጃዋ አጥሯል፣ እየሮጠች ነው ለማለት ያስቸግራል። ግራ እጇ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም አለ። ላቡ አደብዝዞታል። አንዴ አየችው። ከዚያ ሮጠች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ብቻ ሮጠች።

መስመሩን አልፋ፣ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ሜዳሊያውን ያለበሰቻት ልጅ «ስንት ገባሽ?» ስትላት ወደ ክንዷ ዞረች። ሰዓቱ ገና ይቆጥራል። ማቆሙን ረስታዋለች።